ግንቡ ላይ የማይወጣው ኔዶ

እኔ አንድ ነገር ካልገባኝ እህል አይወርድልኝም። ባሌ በሕይወት ሳለ፣ «ሎሪያና፣ የሰው ጉዳይ ስትጎረጉሪ የራስሽ ቂጣ ያርራል» ይለኝ ነበር፤ አርሮም ያውቃል፣ አልዋሽም። ፒሳ ውስጥ፣ ከወንዙ ወዲህ ሳን ማርቲኖ በሚባለው ሰፈር፣ ቼቺና ስጋግር ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የሽምብራ ዱቄቱን በውሃና በወይራ ዘይት አቅጥኜ፣ ሰፊው የመዳብ ትሪ ላይ አፍስሼ፣ በእንጨት እሳት እጋግረዋለሁ። ዳሩ ደረቅ፣ መሀሉ ለስለስ ካላለ ቼቺና አይባልም፤ ቂጣ ነው።

የተወለድኩት ግን ሊቮርኖ ነው። በባቡር ሩብ ሰዓት ነው፤ ቢሆንም ለፒሳ ሰዎች ዛሬም እንግዳ ነኝ። እኛ አገር «ፒሳዊ ደጅህ ከሚቆም ቤትህ ሬሳ ቢገኝ ይሻላል» ይባላል። እኔ እንግዲህ ፒሳዊውን ደጄ ማቆም ብቻ አይደለም፣ አግብቼው፣ አብሬው ኖሬ፣ ቀብሬዋለሁ። ስለ እነዚህ ሰዎች ብናገር ማንም አፌን ሊዘጋኝ አይችልም።

ኔዶ ባልዳቺ ጎረቤቴ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስድሳ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ባቡር ጣቢያ ቲኬት ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው። አላገባም፤ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። ጡረታ ከወጣ ወዲህም ጠዋት ጠዋት ወደዚያው ጣቢያ ይመለሳል፤ ቲኬት ሊሸጥ ሳይሆን ቱሪስት ሊያስት ነው እያልኩ እቀልድበታለሁ። ካርታ እያገላበጠ ግራ የገባው ሰው ሲያይ ጠጋ ብሎ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቀዋል። መልሱ መቼም አንድ ነው፤ ወደ ዘመመው ግንብ። ኔዶ ታዲያ «ለምን?» ይላል። ሌላ አይጨምርም። እስኪ አስቡት፤ ሰውየው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ለምን እንደመጣ አንድ ጡረተኛ መንገድ ላይ ሲጠይቀው። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ኪሱን ይዳብሳል፣ ከአሥሩ ሁለቱ ግን ይከተሉታል።

መጀመሪያ የሚወስዳቸው ወንዙ ዳር ወዳለችው ሳንታ ማሪያ ዴላ ስፒና ነው፤ ከአንድ ሳሎን የማትበልጥ፣ ጣሪያዋ እሾህ በእሾህ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ነች። ከዚያ ድልድዩን ተሻግረው ወደ ሳን ኒኮላ የደወል ግንብ። እሱም ዘመም ያለ ነው፤ ነገር ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ከዚያ ደግሞ ወንዙን ይዘው ረጅም መንገድ በእግር፣ ሳን ሚኬሌ ደሊ ስካልዚ ድረስ። እዚያ ያለው የደወል ግንብ አራት ማዕዘን ነው፤ ሰልፍ የለ፣ ትርምስ የለ፣ ቢበዛ አንዲት ሴትዮ ውሻዋን ይዛ ታልፋለች። ኔዶ እንግዶቹን ከግንቡ ሥር አቁሞ ሽቅብ እንዲያዩ ያደርጋቸዋል። ላያቸው ላይ የሚናድ ስለሚመስላቸው ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ እሱ ደግሞ የራሱ እጅ ሥራ ይመስል ይኮራል። በመጨረሻ ሲርባቸው እኔ ጋ ይዟቸው ይመጣል። ከማንም ሰባራ ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም፤ ሊሰጡት ሲሉ ይቆጣል። እኔን ግራ ያጋባኝ መጀመሪያ ይኼ ነበር። ሰው ያለ ጥቅም ይህን ያህል እግሩ እስኪቀጥን ይዞራል?

ኔዶ በዘመመው ትልቁ ግንብ ላይ የሚያነሣው ክርክር ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ነው። ሰዓትህን ጠብቀህ ትገባለህ፣ እየዞርክ እየዞርክ ትወጣለህ፣ ላይ ስትደርስ ከተማው ሁሉ ይታይሃል፤ የማይታይህ ግንቡ ብቻ ነው። ሊያዩት የመጡትን ነገር ላለማየት ብሎ መውጣት ምን የሚሉት ሞኝነት ነው ይላል። ከታች ሣሩ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው፣ ግንቡን ደግፈን ያዝን ብለው ፎቶ የሚነሡትንማ ተዋቸው። እኔም ብሆን እነዚያን ሳይ ሳቄን አልችልም፤ መቶ ሰው አንድ ላይ የሌለ በር ሲገፋ።

አንድ ቀን ታዲያ አፌ አላስችል አለኝና፣ እሱ ራሱ ስንት ጊዜ እንደወጣ ጠየቅኩት። አንድም ቀን አልወጣሁም አለኝ። እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አድጎ፣ እዚሁ አርጅቶ፣ አንድም ቀን! ታዲያ ሳይቀምሱ ቼቺናዬን ጨው አነሰው እንደሚሉት ሰዎች ነህ አልኩት። ኔዶ ለሁሉም ነገር መልስ የማያጣ ሰው ነው። ያን ቀን ግን የያዘውን ቼቺና ሳይጎርስ አስቀምጦ፣ እናቴን ላያት ብሎ ወጣ። አሃ፣ እዚህ ውስጥማ አንድ ነገር አለ አልኩ በልቤ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቅኩትም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሳይመረቅ ግንቡ ላይ አይወጣም። ከወጣ አይመረቅም ይላሉ። ተማሪዎቹ ብዙዎቹ የእኔ ደንበኞች ናቸው፤ ስልካቸው ከእጃቸው የማይወርድ፣ ቤተ ክርስቲያን ከገቡ ዓመት የሚያልፋቸው ልጆች፣ ይኼን ስጠይቃቸው ቶሎ ብለው የምድጃዬን ብረት ይነካሉ፤ ክፉ እንዳይደርስ መሆኑ ነው። ሲመረቁ ደግሞ ራሳቸው ላይ የቅጠል አክሊል አድርገው፣ እየዘፈኑ፣ ሰተት ብለው ይወጣሉ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚባለው ዓይነት ነው ነገሩ። እኛ ሊቮርኖ እንዲህ ያለ ጣጣ የለብንም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እንደ ሕፃን ጨዋታ ነበር የማየው። ኔዶ ተማሪ ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩና በራሴ ሳቅኩ። በስድሳ ስድስት ዓመቱ!

እናቱ ሲኞራ ዞራይዴ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወር ቀርቷቸዋል። በጉልምስናቸው የሰው ቤት ደረጃ ሲወለውሉ ኖረው ጉልበታቸው አልቋል፤ አሁን በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚወጡት። ዓርብ ዓርብ ቼቺና በቁንዶ በርበሬ አድርጌ እወስድላቸዋለሁ። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ሊቮርኖ መጣች» ነው የሚሉት። ልጃቸውን ደግሞ ለሰው ሲያነሡት «ኢንጅነሩ» ይሉታል። ቲኬት ሻጩን ማለታቸው ነው። እኔ የእናት ነገር ነው፣ ያቆላምጡት እያልኩ አልፈው ነበር። ኔዶ ለምን ግንቡ ላይ እንደማይወጣ አንድ ዓርብ ጠየቅኳቸው። «ገና ነው» አሉኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

ነገሩ የወጣው በየካቲት ነው። ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ወርዶ፣ ቱሪስት የሚባል ጠፍቶ፣ ሱቄ ውስጥ እኔና ኔዶ ብቻ ቀረን። እኔም ጊዜ ተገኘ ብዬ ያዝኩት። መጀመሪያ ቀለደ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ ከዚያ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ዘረገፈው።

የዛሬ አርባ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምህንድስና ነበር የሚማረው። ከሃያ ዘጠኝ ፈተና ሃያ ስምንቱን አልፏል። የቀረው ሕንፃ ሸክሙን እንዴት እንደሚችል የሚያስተምረው ነው፤ እሱን ሁለት ጊዜ ወድቆ ለሦስተኛ ገባ። ፈታኙ ያን ቀን ስለ ዘመመው ግንብ ጠየቁት፤ እስከ ዛሬ ለምን አልወደቀም ብለው። ኔዶ አላውቅም አላቸው። ፈታኙ እንግዲያው ስታውቅ ተመለስ ብለው ሸኙት። ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደ፤ እናቱ በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ነበረባቸው። ሲደርስ አልጋቸው እየተገፋ ወደ ክፍሉ ሊገባ ነው። ከዚህ ክፍል እወጣ ይሆን ብለው የፈሩ ሴት፣ እጁን ያዝ አድርገው፣ አለፍክ ወይ ብለው ጠየቁት። ምን ይበል? አለፍኩ አለ። ለሚቀጥለው ፈተና ጊዜ አስተካክለዋለሁ ብሎ ነበር ያሰበው። በማግስቱ ደግሞ የቅጠል አክሊል ገዝቶ አልጋቸው ላይ ሰቀለላቸው። እሳቸው ዳኑ፤ ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። እሱ ባቡር ጣቢያ ተቀጠረ። ባቡር መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው አላቸው፤ እሱስ ውሸት አልነበረም።

የቀረው ግንቡ ነበር። የተመረቀ ሰው ይወጣል። እናቱ በሚቀጥለው እሑድ፣ በል እንግዲህ ውጣ፣ እኔ ከታች ሆኜ ልይህ አሉት። ዛሬ ሰው በዝቷል ብሎ ወደ ስፒና ወሰዳቸው። በሌላው እሑድ ሳን ኒኮላ። እሳቸው ባነሡበት ቁጥር አዲስ ቦታ ማግኘት ነበረበት፤ ከተማውን በእግሩ አሰሰው፣ ሳን ሚኬሌን ያገኘው እንዲያ ነው። ኋላ ግንቡ እንዳይወድቅ ሊጠገን ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሲዘጋ ኔዶ እፎይ አለ። ሲከፈት ደግሞ ያ ግንብ ከንቱ ዝና ነው የሚለው ንግግር አፉ ላይ ደርቆ ቀርቶ ነበር።

«ሌሎቹን ግንቦች ያገኘኋቸው ከዚያኛው ስሸሽ ነው» አለኝ። «አሁን ግን ከልቤ ነው የምወዳቸው። ይኼንንስ አልዋሸሁም።»

ታዲያ እኔ ሊቮርኖዋ፣ መፍትሔው ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ዝም ብለህ ለምን አትወጣም፣ እናትህ በምን ያውቃሉ አልኩት።

«ከወጣሁማ አበቃ» አለኝ። «አንድ ፈተና ነው የቀረኝ፣ ሎሪያና።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰውየው አላቋረጠም! ስሙ ከመዝገብ እንዳይፋቅ በየሁለት ሦስት ዓመቱ እየገባ ይፈተናል፣ ይወድቃል፣ ይወጣል። ለእናቱ ጥርስ ሐኪም ቀጥሮኛል ይላቸዋል። ያኔ የፈተኑት ሰውዬ ሞተዋል፤ የዛሬው ፈታኝ ከእሱ በሃያ ዓመት ያንሳል፣ ሲገባ ተነሥቶ ወንበር ይስብለታል አሉ። የፈተና ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ባለፈው መከር እንዲያውም የመጽሐፉን አዲስ እትም ገዝቷል። እኔ ይኼን ስሰማ ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዕንባዬን በሽርጤ እስክጠርግ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ጥፋት ነው፤ በማንም አላላክክም። ሲኞራ ዞራይዴ ያን ክረምት ሙሉ ሲያስሉ ከረሙ። ሐኪሙም ልባቸው ደክሟል አለ። እኔ ደግሞ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሮጊቷ ሳይሞቱ ልጃቸውን እዚያ ግንብ ላይ ማየት አለባቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የለመኑት ነገር! ልጁ ደግሞ በማያልፈው ፈተና የተነሣ ይከለክላቸዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ ነዘነዝኩት። የምረቃውን ወረቀት ለማን ልታሳየው ነው አልኩት፤ እናትህ እንደሆኑ ከያዝክ ቆይተሃል ብለው ነው የሚያምኑት። የልደታቸው ቀን ሲቃረብ የግንቡን መግቢያ ቲኬት ራሴ ገዝቼ፣ በቼቺናው መጠቅለያ ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት። ሳምንት ሙሉ ኪሱ ይዞት ዞረ። ከዚያ አንድ ጠዋት መጥቶ፣ ለእሷ ስል እወጣለሁ አለኝ። እኔ ምን ያህል እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

ቀኑ በግንቦት መጨረሻ ነው፣ ማክሰኞ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ሱቄን ዘጋሁ፤ በሕይወቴ ማክሰኞ ቀን ስዘጋ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ኔዶ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጥቁር ሰማያዊ ክራባት አስሮ ነበር። ወንበሩን እየተፈራረቅን እየገፋን ድልድዩን ተሻገርን፤ ሲኞራ ዞራይዴ ወዴት እንደምንሄድ አልጠየቁም። ግንቡ ያለበት አደባባይ ስንደርስ ያው እንደተለመደው ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አየር ይገፋል። ኔዶ ፊቱ እንደ ዱቄት ነጥቶ ነበር። እናቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ «ማማ፣ ዛሬ ልወጣ ነው» አላቸው።

ሲኞራ ዞራይዴ ዓይናቸውን ከክራባቱ ወደ ፊቱ አነሡ።

«ቆርጠሃል?» አሉት።

«አዎ።»

ክራባቱን አቃኑለት፤ ሂድ አሉት። እኔ ደስታ አፋቸውን የያዛቸው መስሎኝ ነበር። ኔዶ ሰልፉ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በትንሿ በር አጎንብሶ ሲገባ አየነው።

ስንጠብቅ ሲኞራ ዞራይዴ ወንበራቸውን ወደ ሌላ በኩል እንዳዞርላቸው ጠየቁኝ። ፀሐይ ነው አሉ። ፀሐዩ ግን ከኋላችን ነበር። አይሆንም፣ ሲወጣ ያመልጥዎታል ብዬ እንቢ አልኳቸው፤ እንዲያውም ትንሽ ወደፊት ገፋ አደረግኳቸው። አንገቴ እስኪደነዝዝ ሽቅብ ስመለከት ቆየሁ። በመጨረሻ ጫፉ ላይ፣ ከደወሎቹ አጠገብ፣ አንድ ቀጭን ሰው ብቅ ብሎ መሐረብ ያወዛውዝ ጀመር። ኔዶ ነው። እኔ እንደ ልጅ እዘላለሁ፤ ያውልዎት፣ ያውልዎት እላለሁ። ሲኞራ ዞራይዴ አዩት። እጃቸውን አንሥተው እሱ እስኪያያቸው አወዛወዙለት። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ መልሰው፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ «ተወው ማለት ነው» አሉ።

ማን ምኑን እንደተወ አልገባኝም፤ ጠየቅኳቸው።

«ትምህርቱን ነዋ» አሉኝ።

ምን ትምህርት፣ ኢንጅነር አይደለም እንዴ ልል ስል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ከግንቡ ጫፍ ሳያነሡ ነገሩኝ። ከሆስፒታል የወጡ ሰሞን የልጃቸውን ስም የተመራቂዎች ሰሌዳ ላይ በዓይናቸው ለማየት ብለው ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄደዋል፤ ቁስላቸው ገና ሳይጠግግ። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበቡ። የለም። በሚቀጥለው ዓመትም ሄዱ፤ የለም።

«ታዲያ ለምን አልጠየቁትም?» አልኳቸው።

«ብጠይቀው ያፍራል። ያፈረ ሰው መጽሐፍ አይከፍትም» አሉ። «ስለዚህ በግንቡ በኩል መጠየቅ ጀመርኩ። መቼ ነው የምትወጣው እለዋለሁ፤ ዛሬ ሰው በዝቷል ይለኛል። ተመስገን እላለሁ። አልወጣም ማለት አልተወውም ማለት ነው። በየእሑዱ ወደ ሌላ ቦታ በወሰደኝ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።»

ምናልባት ዘንድሮ አልፎ ይሆናል አልኳቸው። ውሸቴን ነው።

«ያለፈ ሰው ፊቱ እንደዚያ አይነጣም» አሉኝ። «ጥርስ ሐኪም ጋ ክራባት አስሮ የሚሄድ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ያቺን ክራባት ባሰረ ቁጥር ሻማ አበራለታለሁ። ዛሬም ጠዋት ሲያስራት አይቼ፣ ለፈተና የሚሄድ መስሎኝ፣ ጎሽ ልጄ ብዬ ነበር። ከዚያ አንቺ ወንበሩን ልትገፊ መጣሽ።»

አልቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለእርስዎ ብሎ ነው የወጣው፣ ደስ እንዲልዎት ብሎ ነው አልኳቸው። አውቃለሁ አሉኝ። ሰው መክሮት እንደሆነም ገምቻለሁ፣ በራሱማ አያደርገውም አሉ። ከዚያ እጄን መታ መታ አድርገው፣ «አንቺ የሊቮርኖ ሰው ነሽ፣ አልፈርድብሽም» አሉኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተሰደብኩት ሁሉ ተደምሮ የዚያን ያህል አላመመኝም። በመጨረሻም፣ ኔዶ በሩ ላይ ብቅ ሲል፣ እንዳትነግሪው ብለው አስማሉኝ። አንድ ቃል እንዳይወጣሽ አሉ።

ኔዶ ፊቱ ቀልቶ፣ ክራባቱ ትከሻው ላይ ተገልብጦ፣ እየሮጠ መጣ። እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ደረጃው እብነ በረድ ሆኖ መሀል መሀሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል አለ፤ ስትወጣ አንዴ ወደ ግድግዳው አንዴ ወደ ውጭ ይጎትትሃል፣ መዝመሙን የምታውቀው በዓይንህ ሳይሆን በጉልበትህ ነው አለ። ባሕሩ ይታያል። ሊቮርኖ ይታያል፣ መርከቦቹ ሳይቀሩ። አርባ ዓመት በከንቱ ስሳደብ ኖሬያለሁ፣ ነገ ጣቢያ ስሄድ ለሰዎቹ ምን ልላቸው ነው እያለ ሳቀ። እናቱ ሁሉንም አዳመጡት። ነፋስ አለው ወይ ብለው ጠየቁት፣ ጉልበትህን አላመመህም ወይ አሉት፣ ግንባሩን በራሳቸው መሐረብ ጠረጉለት። ጎሽ ልጄ አሉት። ያን ጊዜ ላያቸው ሰው፣ ከእሳቸው የበለጠ የተደሰተች እናት በከተማው አለች ብሎ አያስብም።

ወደ ቤት ስንመለስ ወንበሩን የሚገፋው ኔዶ ነበር፤ እኔ ከጎኑ ነኝ። መንገዱ ጠበብ ካለበት ስንደርስ ጠጋ ብሎ፣ «ከላይ ሆኜ ሳወዛውዝ ምን አለች?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

ደስ አላቸው አልኩት።

«አየሽ» አለኝ። «ልክ ነበርሽ። እኔ ምን ቀረኝ? ያንን መጽሐፍ ነገ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ሱቅሽ ከሚመጡት ተማሪዎች ለአንዱ ስጪልኝ። ደብተሩንም ከመሳቢያው አውጥቼ እጥለዋለሁ።»

ይኼን ሲል ድምፁን ዝቅ ማድረግ ረስቶ ነበር። ሲኞራ ዞራይዴ ከፊታችን ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ጆሯቸው ከእኔ ጆሮ ይሻላል። ዞር አላሉም።

«ቀስ ብለህ ግፋ፣ ድንጋዩ ያንገጫግጨኛል» ብቻ ነው ያሉት።